ተራ ቁጥር አራት

ያን ጊዜ የምሠራው ነፋስ ስልክ፣ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ነበር። የሥራ መደቤ መዝጋቢ ይባላል። በየሰዓቱ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ የመለኪያዎቹን ቁጥር አነባለሁ፣ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ፣ እፈርማለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጊዜው ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ፋብሪካው ሊሸጥ ነው፣ አይ አይሸጥም፣ የሚቀነሱ ሰዎች ዝርዝር ወጥቷል፣ ኧረ ገና ነው እየተባለ፣ ሰው ምሳውን እንኳ በሹክሹክታ የሚበላበት ጊዜ ነበር። ዲፕሎማ የሌለው መጀመሪያ ይሄዳል የሚል ወሬ ስሰማ፣ መካኒሳ አዲስ የተከፈተ ኮሌጅ ሄጄ ተመዘገብኩ። ቅዳሜ ከሰዓት የምንማረው ኮርስ "የቴክኒክና የሥራ ቦታ ጽሑፍ" የሚባል ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ ተጠራጣሪ ነኝ። እናቴ "ይኼ ልጅ ጡት ስሰጠው እንኳ መጀመሪያ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ግን እንዲሁ ከመሬት ተነስቼ አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ቀበሌ ጠርተውን የሕይወት ታሪካችሁን ጻፉ አሉን። እኔ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። የጎረቤታችን ልጅ ቅን ነበርና ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፈ፤ ማን ቤት እንደሚገባ፣ ከማን ጋር ኳስ እንደሚጫወት ሳይቀር። በገዛ እጁ በጻፈው ክረምቱን ታስሮ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ጻፍ ተብዬ ወረቀት ሲሰጠኝ፣ ምን ልጻፍ ከማለቴ በፊት የማስበው ማን ያነበዋል የሚለውን ነው።

መምህራችን ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የሚለብስ ሰው ነበር። ዕድሜው ከብዙዎቻችን ያንሳል፤ ሆኖም እያንዳንዳችንን "እርስዎ" እያለ ነው የሚጠራን። ይህንንም አልወደድኩለትም። በሕይወቴ እንደዚያ በትሕትና ያነጋገሩኝ ሰዎች ሁሉ ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው ቃሌን ሲቀበሉ የነበሩ ናቸው።

"በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ ታመጣላችሁ" አለን በመጀመሪያው ቀን። "ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሪፖርት። ከየመሥሪያ ቤታችሁ የተወሰደ እውነተኛ ነገር ይሁን። በእንግሊዝኛ አትጨነቁ፤ ሥራችሁን በምትሠሩበት ቋንቋ ጻፉት።"

እውነተኛ ነገር። ከየመሥሪያ ቤታችን። ደግሞም በአማርኛ። ሌላው ኮርስ ሁሉ በእንግሊዝኛ እየተሰጠ ይህ ብቻ በአማርኛ የሆነው ለምንድነው? እንግሊዝኛ የማይችል አንድ አንባቢ ከበስተጀርባ ቢኖር ነው እንጂ! ያመጣነውን ወረቀት ሰብስቦ ላስቲክ ባለው አረንጓዴ አቃፊ ውስጥ ይከተዋል፤ በሳምንቱ አይመልስም፣ በሁለት ሳምንቱ ነው የሚመልሰው። ያቺ በመካከል ያለችው ሳምንት የት ነው የምትሄደው?

የምጠራጠረው እኔ ብቻ አልነበርኩም። በሦስተኛው ሳምንት ከመሥሪያ ቤታችን የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንድንጽፍ ታዘዝን። ሠላሳ ሰው ሠላሳ ቃለ ጉባኤ አመጣ፤ ሠላሳውም በሙሉ ድምፅ የጸደቀ። የተቃወመ የለም፣ የጠየቀ የለም፣ ያረፈደ እንኳ የለም። መምህሩ አንዱን ከሌላው እያገላበጠ ሲያነብ ቆየና "እንዲህ የሚስማማ ሕዝብ መካከል መኖሬን አላውቅም ነበር" አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የማይስማማውን እየፈለገ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከፊት ወንበር ደግሞ አንዲት ሴት ትቀመጣለች፤ የእኛው ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ባልደረባ ነች። የሁላችንም የግል ማህደር እጇ ላይ ነው። የተቀናሾቹን ዝርዝር በጽሕፈት መኪና የምትመታውም እሷ ነች ይባላል። ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ስታየኝ ፈገግ ብላ "ውይ፣ አንተም እዚህ ነህ? ደስ ሲል!" አለችኝ። ምኑ እንደሚያስደስታት አልገባኝም። ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ ከኋላ ነበር የምቀመጠው።

ይህን ሁሉ ስጠነቀቅ ለራሴ ብቻ ብዬ አልነበረም። የምጠብቀው ሰው ነበረኝ።

ፋብሪካው ውስጥ ጋሼ የምላቸው የቦይለር ሠራተኛ ነበሩ። ቦይለሩ ውሃ እያፈላ ለሳሙናው ማብሰያ እንፋሎት የሚልክ፣ አንድ ክፍል የሚያህል የብረት በርሜል ነው። ውሃው ካነሰ ብረቱ ይግላል፤ ግፊቱ ከበዛ ደግሞ ይፈነዳል። በራሱ የሚቆጣጠርበት ዕቃ ከተበላሸ ቆይቷል፤ መለዋወጫው ይመጣል ይባላል፣ አይመጣም። ስለዚህ የውሃውን ቧንቧ በእጃቸው የሚከፍቱትና የሚዘጉት ጋሼ ናቸው። ያን ሥራ ሳላውቃቸው በፊት ጀምሮ ሲሠሩት ኖረዋል። እኔ ስቀጠር የማንም ዘመድ አልነበርኩም፤ ምሳቸውን ቆርሰው ያበሉኝ፣ ማን ጋ ምን እንደማይወራ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

እና ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የመለኪያው ቁጥር ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ መርፌው፣ በመጨረሻም የውሃው ልክ የሚታይበት ብርጭቆ ራሱ። "ሆስፒታል እንሂድ" ብላቸው "ወረቀቱ ፋብሪካ ይደርሳላ!" ይሉኛል። ሙሉ ጡረታቸውን ይዘው ለመውጣት የቀራቸው ስምንት ወር ነበር። ዓይናቸው እንደማያይ ከታወቀ ግን ስማቸው የዝርዝሩ አናት ላይ እንደሚወጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ስምንቱን ወር እንደምንም ገፍተው፣ በክብር ተሸኝተው፣ ያኔ ሊታከሙ ነበር ሐሳባቸው።

እስከዚያው አንድ ዘዴ ነበረን። በየሰዓቱ ገብቼ መለኪያውንና ብርጭቆውን አያለሁ፤ "ግፊት ስድስት ተኩል! ውሃ ግማሽ!" ብዬ እጮኻለሁ። ጋሼ "ስድስት ተኩል፣ ግማሽ። ሰማሁ" ብለው ይደግሙልኛል፤ ከዚያ እጃቸው በቀጥታ ወደሚያስፈልገው ቧንቧ ይሄዳል። "ሰማሁ" ሳይሉ መዝገቡ ላይ አልጽፍም፣ አልፈርምም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ጩኸት ጆሮ ስለሚያደነቁር መጮኼ ማንንም አያስገርምም። አደገኛ ነበር ወይ? ነበር። ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። ያኔ ግን ከቦይለሩ ይልቅ የምፈራው ሰውን ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት መምህሩ እንዲህ አለ፦ "በየቀኑ የምትሠሩትን አንድ ሥራ በተራ ቁጥር ከፋፍላችሁ ጻፉ። ሥራውን አይቶት የማያውቅ ሰው ወረቀታችሁን ብቻ ይዞ ቢገባ፣ እንደ እናንተ አድርጎ መሥራት መቻል አለበት። አንድም እርምጃ እንዳትዘሉ።"

እኔም ምሳ ሰዓት ላይ የፋብሪካው ክበብ ተቀምጬ ጻፍኩ። የፋብሪካውን ስም አልጠራሁም። የሰው ስም አላነሳሁም። ሳሙና የሚለውን ቃል እንኳ አላስገባሁም። ይህን ይህን ስጠነቀቅ እጄ የለመደውን ጻፈ። አንድ፣ አንኳኩቶ መግባት። ሁለት፣ የግፊት መለኪያውን ማየት። ሦስት፣ የውሃውን ብርጭቆ ማየት። አራት፣ ያነበቡትን ጮክ ብሎ መናገርና መልስ እስኪሰማ መጠበቅ። አምስት፣ መዝገቡ ላይ ጽፎ መፈረም።

ወረቀቱ በሁለት ሳምንቱ ሲመለስልኝ ከአራተኛው ጎን በቀይ እስክሪብቶ፣ በደቃቃ ጽሕፈት፣ "ለምን ጮክ ብሎ? ለማን?" የሚል ነበረበት።

ሠላሳ ሰው መሀል ቁጭ ብዬ ልብሴን የተገፈፍኩ መሰለኝ። ክፍሉ ሲያልቅ ሹልክ ልል ስል "እርስዎ፣ አንዴ ይቆዩኝማ" አለኝ።

"ይቺ አራተኛዋ" አለ ወረቀቱን እያየ። "ደስ ብላኛለች። ግን አልገባችኝም።"

"ቦታው ጩኸት ነው። ካልጮኹ አይሰማም።"

"የሚሰማው ሰውዬ መለኪያው አጠገብ አይደለም እንዴ ያለው? ራሱ አያየውም?"

ዓይኑን አየሁት። እንዲሁ የጠየቀ ሰው ይመስላል። እንዲሁ የጠየቀ መምሰልን ደግሞ የሚችሉበት ሰዎች አሉ። "ልማድ ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ምክንያቱን አብረው ይጻፉት። ምክንያቱ ያልተጻፈን ነገር፣ ሌላ ሰው ሲተካ መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው። አስተካክለው ያምጡልኝ።"

ሰኞ ጠዋት ለጋሼ ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር፤ ሳቁ።

"ጎበዝ አንባቢ ነው በለኛ!"

"ጋሼ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ሰውዬው አንድ ነገር ሸቶታል። ያቺ የአስተዳደሯ ሴትም ክፍሉ ውስጥ ነች።"

"ስሜን ጽፈሃል?"

"ኧረ በፍጹም።"

"ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ሁለት ሰው ቢሰማው አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርማል ብለህ ጻፍለት። ውሸትም አይደለም። አንተ ልጅ፣ ሰው ጠየቀህ ማለት እኮ ሊበላህ ነው ማለት አይደለም።"

እሺ አልኳቸው። እሺ ብዬ ወጥቼ፣ ከሰዓት በኋላ አዲስ ወረቀት አውጥቼ መመሪያውን እንደገና ገለበጥኩት። አራተኛውን አልጻፍኩትም። ሦስት ካልኩ በኋላ መዝገቡ ላይ ጽፎ መፈረም የሚለውን አራት አልኩት። ጥያቄ የሚያስነሳውን ነገር ከሥሩ ነቅዬ ጣልኩ፤ ቀለል አለኝ።

ያ የተስተካከለው ወረቀት አሥር ከአሥር ይዞ ተመለሰ። ከግርጌው ግን "ጥያቄዬን አልመለሱም" የሚል ነበረበት።

ይህ ሰው አይተወኝም ማለት ነው! አንድ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ወረቀቶቻችንን የት እንደሚያደርሳቸው ላይ ብዬ ተከተልኩት። እሱ ውይይት ታክሲ ውስጥ ገባ፤ እኔም ሦስት ሰው አሳልፌ ገባሁ። የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከእሱ ፊት ለፊት። ሰውን ተከታትሎ ለመያዝ እንደ ውይይት የማይመች መኪና የለም። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን።

"እርስዎም በዚህ በኩል ነው ቤትዎ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ። ቤቴ ነፋስ ስልክ ነው። ከጉዞዬ ተቃራኒ በሆነ መንገድ ብስራተ ገብርኤል ድረስ፣ ስለ አየሩ እያወራሁ፣ ከፍዬ ሄድኩ።

ወረደ፣ ወረድኩ። ቻው ተባባልን። አንድ ሱቅ ጥግ ቆሜ አሻግሬ ሳየው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ። አረንጓዴውን አቃፊ ለሰውዬው ሰጠው። ማሽኑ ብልጭ ሲል በመስኮቱ ይታያል፤ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ሠላሳ ሰው ያመጣውን ሁሉ አስገለበጠ። ኮፒውን ለማን? ባለሱቁ "ምን ልስጥዎት?" እስኪለኝ ድረስ ደርቄ ቆምኩ። ያላሰብኩትን ክብሪት ገዝቼ በእግሬ እስከ መካኒሳ ተመለስኩ። አራተኛውን መሰረዜ እንዴት ያለ ብልህነት እንደሆነ መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስነግረው ነበር።

ከዚያ ወር አልሞላውም፤ የአስተዳደሯ ሴት ቁጥር ለመመዝገብ እየዞርኩ ሳለሁ መጣችብኝ። መምህሩ ያን የተስተካከለ ወረቀት ለምሳሌ ብሎ ክፍል ውስጥ አንብቦት ነበር።

"ወንድሜ፣ ያን መመሪያህን ስጠኝ" አለችኝ። "ለየክፍሉ እንደሱ ያለ እንድናዘጋጅ ታዘናል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የተማሩ ሰዎች ይታዩ እያሉ ነው። ላንተም ጥሩ ነው እኮ፣ እመነኝ።"

እመነኝ የሚለኝን ሰው አላምንም። ብከለክላት ግን ለምን ከለከለ ትላለች። ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን በመኪና ተመቶ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ክብ ማህተም አርፎበት፣ ከግርጌው "ግልባጭ" ተብሎ የምርት ክፍልና የቴክኒክ ክፍል ተጽፎበት፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ቦይለር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ "አዘጋጅ" ይልና የእኔ ስም አለ። ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ቆም ብሎ ሲያነበው እያየሁ ኮራሁ።

ጋሼም እጃቸውን በላስቲኩ ላይ አሳለፉና "ምን ይላል? እስቲ አንብብልኝ" አሉኝ።

አነበብኩላቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ አቆምኩ።

"የኛስ? ጮክ ብሎ የሚለው?"

ያን ጊዜ አውጥቼዋለሁ ማለት ነበረብኝ። ጻፈው ያሉኝን ሰው፣ አልሰማሁዎትም ማለት አፈርኩ። ለማስረዳትም ሰነፍኩ።

"አለበት" አልኳቸው። "አራተኛው ላይ አለ።"

"ጎሽ። እንግዲህ ማንም ቢመጣ ይጮኻል" አሉና ወደ ቧንቧቸው ተመለሱ።

ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ኮሌጁ ፈተና አለ ተባለና ፈቃድ ጠየቅኩ። ከዚያ በፊት ስቀር የሚተካኝን ሰው ራሴ እመርጥ ነበር፤ "ሽማግሌው ጆሯቸው ከበድ ብሏል፣ ጮክ በልላቸው" ብዬ አደራ እለዋለሁ። በዚህ ጊዜ ግን አስተዳደር በራሱ አንድ ሰው መደበ። ከማሸጊያ ክፍል የመጣ፣ ባለ ሪዝ፣ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። የሥራ አስኪያጁ አገር ሰው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ረቡዕ ማታ ከመውጣቴ በፊት መዝገቡን ሳስረክበው "ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?" አለኝ።

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለምን እሱን መረጡ? ለምን ዛሬ? ጮክ በል ብለው፣ ለምን ቢለኝስ?

"ሁሉም ነገር ግድግዳው ላይ አለ" አልኩት።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። በማግስቱ እንደተጻፈው አደረገ። አንኳኩቶ ገባ፣ መለኪያውን አየ፣ ብርጭቆውን አየ፣ ውሃው በጣም ዝቅ ማለቱን በጥሩ ጽሕፈት መዝገቡ ላይ አሰፈረ፣ ፈረመ፣ ወጣ። ጋሼ በሩ ሲከፈት ሰሙ፣ ሲዘጋም ሰሙ። ድምፅ የለም። ወረቀቱ ጩኹ እንደሚል ስለነገርኳቸው፣ ገብቶ የጠራ ሰው ከሌለ ያነበበም የለም ብለው ደመደሙ። ጥቂት ጠበቁ። የቦይለሩ ድምፅ ደስ አላላቸውም። ዓይናቸው ደህና በነበረበት ጊዜም ብርጭቆው ሲቆሽሽ የሚደረግ የድሮ ዘዴ አለ፤ የመሞከሪያዋን ትንሽ ቧንቧ ከፍቶ፣ የሚወጣው ውሃ ይሁን እንፋሎት በድምፁ መለየት። በዳበሳ ሄደው ከፈቷት። እንፋሎቱ ቀኝ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ላጠው። በዚያው በተላጠ እጅ ነዳጁን ዘግተው ቦይለሩን አበረዱት። ያን ጊዜ ማብሰያው ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር።

እኔ በዚያች ሰዓት ፈተና ላይ ነበርኩ። ጥያቄው የጥሩ መመሪያ ባሕርያትን ዘርዝር ይላል።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጋሼ እጃቸውን ጠምጥመው ቀረቡ። "ብርጭቆው ፊት ለፊትዎ እያለ ለምን ቧንቧ ከፈቱ?" ተባሉ።

"ብርጭቆውን አላየውም" አሉ።

ይኸው ነው። ማንም አልጠቆመም። መምህሩ ለማንም አልተናገረም፤ የአስተዳደሯ ሴት ቃለ ጉባኤውን ስትይዝ ያንን ስትሰማ እስክሪብቶዋን ጣል አድርጋ አለቀሰች። በሳምንቱ ዝርዝሩ ላይ ስማቸው ወጣ። ከስምንቱ ወር የቀራቸው ሦስት ወር ተኩል ነበር። የሠራተኛ ማህበሩ ሰው ብቻ አንድ ነገር አለኝ፦ "ጉዳቱ ከሳቸው ዓይን ሳይሆን ከመመሪያው የመጣ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ ካለ እንከራከራለን። ጡረታቸውን እስኪደርሱ ሌላ ቦታ ይመደቡ ማለት እንችላለን።" ኮሚቴውም እኔን መደበኛው መዝጋቢ ነህና እስከ ሰኞ የጽሑፍ ሪፖርት አቅርብ ብሎኛል።

ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ይል ነበር፦ "በዕለቱ ንባቡ በድምፅ እንዳልተገለጸና ይህም በመመሪያው ላይ ያልተካተተ መሆኑ ታውቋል።" ደግሜ ሳነበው ክፍሉ ውስጥ ማንም ሰው ያልነበረ ይመስላል። ወረቀቱ ራሱ በግድግዳው ላይ የበቀለ ይመስላል። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም። ቀድጄ ጣልኩት።

ቅዳሜ የኮርሱ መጨረሻ ነበር። መምህሩ አንድ ካርቶን ተሸክሞ ገባ። በየሳምንቱ የጻፍነው ሁሉ፣ የእያንዳንዳችን ለብቻው ተገልብጦ፣ ሽፋን ተደርጎለት፣ ተጠርዟል። "ኮሌጁ ፈቃድ ለማሳደስ አንድ አንድ ኮፒ ማሳየት አለበት፤ ሌላው ግን የእናንተ ይሁን ብዬ ነው" አለ። ሥራ ስትፈልጉ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ አለ። ስሜ ያለበትን ጥራዝ ሰጠኝ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ሁለቱም መመሪያዎች ተከታትለው አሉ፤ የመጀመሪያው ባለ አምስት ቁጥር፣ ሁለተኛው ባለ አራት። ቀዩ እስክሪብቶ በኮፒ ጠቁሯል። "ለምን ጮክ ብሎ? ለማን?" ለመምህሩ አንድ ቃል ሳልናገር፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ቤት ሄድኩ፤ መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው ወደ ግቢው አመለከቱኝ። ጥላ ሥር፣ የታሰረ እጃቸውን ትራስ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። በእርምጃዬ አወቁኝ።

"ጽፈሃል አሉ" አሉኝ።

"ጽፌያለሁ። ሰኞ አስገባለሁ። ከማስገባቴ በፊት እርስዎ ይወቁት ብዬ ነው።"

"እስቲ አንብብልኝ። ጮክ ብለህ።"

ማንበብ ጀመርኩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተካኝን ሰው፣ መዝገቡ ላይ የሰፈረውን ቁጥር። መሞከሪያዋን ቧንቧ። እጃቸውን። ነዳጁን የዘጉበትን። ማብሰያው ክፍል የነበሩትን ሰዎች። ከዚያ ወደዚያች አንቀጽ ስደርስ ዓይኔ አንድ መስመር ዘለለና ከታች ያለውን ማንበብ ቀጠልኩ፦ "ስለሆነም መመሪያው እንዲስተካከል..."

"ቆይ" አሉ።

ቆምኩ።

"ዘለልክ።"

"አልዘለልኩም፣ ጋሼ።"

"አንተ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታነብልኝ ኖረሃል። ስትዘል ትንፋሽህ ይለያል። ያን ወረቀት ግድግዳው ላይ ያነበብክልኝም ቀን ተለይቶ ነበር፤ ዝም ብዬ አመንኩህ። መለስ በል።"

መለስ አልኩ። እንደ ቦይለር ክፍሉ ጊዜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦ "ያነበቡትን ጮክ ብሎ መናገር የሚለውን ተራ ቁጥር አራትን ከመመሪያው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለሠራተኛውም አለበት ብዬ የዋሸኋቸው እኔ ነኝ።"

ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ወደ ውስጥ ገቡ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ የሚያዩኝ ያህል ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ተራ ቁጥር አራትን ያወጣኸው አንተ ነህ" አሉ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብለው። "አለበት ብለህ የዋሸኸኝ አንተ ነህ። ሰማሁ።"

ከኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ ፈረምኩ።